ሲሴሮና የፓላቲኑ ቤት

ማርቆስ ቱልዮስ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ106 ዓመት አርፒኑም በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው።) ከዘሩ በሮማ ታላቅ ሹመት ያገኘ ሰው አልነበረም፤ ለወግ ለማዕረግ ያበቃው አንደበቱ ነው። በ70 ዓመት የሲሲሊያን ሕዝብ የዘረፈውን ገዥ ቬሬስን ከሶ ከረታ ወዲህ ከሮማ ጠበቆች የሚተካከለው አልተገኘም። በ63 ዓመት ቆንስል ሆኖ ካቲሊና መንግሥት ለመገልበጥ ያሤረውን አድማ አከሸፈ።

ይህን ሁሉ የታሪክ መጻሕፍት በሰፊው ይነግሩናል። እኔ ለአንባቢ ላወሳው የፈለግሁት ግን ስለ አንድ ቤት ነው።

ሹመቱ ካለቀ በኋላ ሲሴሮ የባለጸጋውን የክራሱስን ቤት ለመግዛት ተመኘ። ቤቱ የመኳንንት ሰፈር በሆነው በፓላቲን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ዋጋውም 3 ሚሊዮን ተኩል ሰስተርስ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ተራ ወታደር በዓመት የሚከፈለው 1 ሺህ ሰስተርስ እንኳ አይሞላም ነበር። ሲሴሮ ያን ያህል ገንዘብ አልነበረውም። በ62 ዓመት ግን ፑብልዮስ ሱላ የሚባል ሀብታም የካቲሊና ተባባሪ ነው ተብሎ ተከሰሰ፤ ሲሴሮም ጠበቃ ቆመለት። ከዚሁ ከተከሳሹ 2 ሚሊዮን ሰስተርስ በምስጢር ተበደረ።

በ204 ዓመት የወጣው የኪንክዩስ ሕግ ጠበቃ ስለ ተከራከረበት ጉዳይ ገንዘብም ስጦታም እንዳይቀበል ይከለክላል። ብድር ግን ስጦታ አይባልም፤ ብልህ ሰው በዚህ ቀዳዳ ይሾልካል። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ አድማውን የመረመረው ራሱ ሲሴሮ መሆኑ ነው። ሱላ ንጹሕ ነው ብሎ ሲከራከር ዳኞቹ የሚሰሙት እንደ ጠበቃ ብቻ ሳይሆን እንደ ምስክርም ነበር። ሱላ በነጻ ተለቀቀ። ምናልባት በእውነት ንጹሕ ነበረ፤ ክፋቱ ግን ከዚያ ብድር ወዲህ ይህን በእርግጥ ለመናገር የሚቻለው ሰው አለመኖሩ ነው።

ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የጻፈው አውሉስ ጌልዩስ እንደሚተርከው፥ ወሬው ቤቱ ሳይገዛ ገና ወጣ። ሲሴሮ ገንዘቡን መቀበሉንም፥ ቤቱን የመግዛት አሳቡንም ካደ፤ ኋላ ግን ገዛው። ጠላቶቹ በሴናት ውሸቱን ቢያነሡበት፥ ተሻሚ እንዳይመጣበት የግዢ አሳቡን መሰወር የአስተዋይ ባለቤት ተግባር መሆኑን እየሳቀ ነገራቸው። መልሱ ያስቃል፤ ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ገበያ ሳይሆን ስለ ተከሳሹ ገንዘብ ነበር። በ60 ዓመትም ወዳጁ ፓይቱስ መጻሕፍት ቢሰጠው፥ ለአቲኩስ በጻፈው ደብዳቤ በዚያው በኪንክዩስ ሕግ ቀልዷል።

በ58 ዓመት ጠላቱ ክሎድዮስ አሰደደው፤ ቤቱም ፈረሰ፤ በከፊሉ ቦታ ላይ የነጻነት አምላክ መቅደስ ተሠራበት። በማግሥቱ ዓመት ከስደት ሲመለስ ቦታው ተመለሰለት፤ ለሕንፃውም 2 ሚሊዮን ሰስተርስ ካሣ ተቈረጠለት። ከሱላ የተበደረው ያህል መሆኑ ነው! በ43 ዓመት የማርክ አንቶንዮስ ሰዎች ገደሉት። ቤቱም የአንቶንዮስ ወገን ለሆነው ለኬንሶሪኑስ ሆነ።