ከልብስ ማጠቢያ እስከ ቢልሃርዚያ መከላከያ፦ የእንዶዱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ

በአርሲ ደጋማ አካባቢዎች በአጥር ጥግና በቁጥቋጦ ላይ እየተንጠላጠለ የሚበቅለው እንዶድ በኦሮምኛ አንዶዴ ይባላል። ሳሙና ከመለመዱ በፊት ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በፍሬው ነበር። እናቶች ሲወራረሱት የቆዩትን ይህን ዕውቀት ወደ ምርምር ማዕድ ያመጡት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት አክሊሉ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በ1964 ወደ ዓድዋ ያቀኑት ቢልሃርዚያን ለማጥናት ነበር። የበሽታው ትል በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ካላደገ ሰውን አይይዝም። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የመተላለፊያውን ሰንሰለት መበጠስ ነው።

ወጣቱ ተመራማሪ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ። በሕይወት ያሉትን በዕቃ አድርገው የእንዶድ አረፋ ሲጨምሩባቸው ሞቱ። ገዳዩ በፍሬው ውስጥ ያለው፣ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ። ከፍሬው ከተለዩት ውህዶች አንዱም በስማቸው ለማቶክሲን ተብሏል።

አክሊሉ በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ የእንዶድ ዱቄት በየጊዜው በጅረቶች ተረጨ። በሕዝቡ ዘንድ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ63 ወደ 33 በመቶ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉ ሕፃናት ደግሞ ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ውጤቱ ግን በውጭ ተቋማት ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። በአፍሪካ የተሠራው ጥናት በሌላ ቤተ ሙከራ እንዲደገም ሲጠየቅ ዓመታት አለፉ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ምርታማና ገዳይነቱ ከፍ ያለ እንዶድ መርጠው ኢ-44 የተባለውን ዝርያ አወጡ። ሁለቱ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

በ1990ዎቹ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቱቦ የሚደፍን ቅርፊት ለባሽ ፍጡር ለማጥፋት የመጠቀም ፓተንት አወጣ። ዕውቀቱ ከገበሬ ቤት የወጣ ነውና የጥቅም ድርሻ ጉዳይ ብዙ አከራከረ። ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ያወጣችው የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482 የሚመልሰው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የአገር በቀል ተክልን ለምርምር ከመውሰድ በፊት ፈቃድና የጥቅም ተጋሪነት ውል ያስፈልጋል። የወረዳ ባለሙያዎች ናሙና ፈላጊ ሲመጣ ፈቃዱን መጠየቅ ያለባቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

አክሊሉ በ1997 አረፉ። ዛሬ ቢልሃርዚያ በዋናነት የሚታከመው ፕራዚኳንቴል በተባለ ክኒን ነው። ይሁን እንጂ የታከመ ሰው ወደዚያው ውኃ ሲመለስ ዳግም ይያዛል፤ በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ለሚያለሙ የአርሲ ገበሬዎችም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ማንም በየግሉ ውኃ ውስጥ ሊጨምረው አይገባም። ለሰውም መርዛማ ነውና አይጠጣም። በአጥር ላይ ያለውን ተክል ከመመንጠር መጠበቅ ግን የማንም ገበሬ አቅም ነው።