ዐፄ ካሌብ፦ ከዘውድ ይልቅ በዓትን የመረጡ ንጉሥ

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም በተመታ አንድ የወርቅ ሳንቲም ላይ ዘውድ የደፋ ንጉሥ ምስል ይታያል። በምስሉ ግራና ቀኝ ሁለት የስንዴ ዛላዎች ቆመዋል፤ በጽሑፉም መካከል መስቀል አለ። ንጉሡ የታዜና ልጅ ዐፄ ካሌብ ናቸው። አንድ ገዥ የሚመኘው ወርቅ፣ ዘውድና የእህል በረከት በዚያች ትንሽ ሳንቲም ላይ ተሰብስቧል። ትውፊት ንጉሡን አብዝቶ የሚያስታውሳቸው ግን ይህን ሁሉ ትተው በመሄዳቸው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ523 ዓ.ም. በደቡብ ዓረቢያ በምትገኘው በናግራን የሚኖሩ ክርስቲያኖች በሂምያሩ ንጉሥ በዙ ኑዋስ እጅ አለቁ። ወሬው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ አክሱም ደረሰ። በእምነት ወንድሞቻቸው በሆኑት በእነዚያ ሰዎች ላይ የደረሰው ግፍ ዐፄ ካሌብን እረፍት ነሳቸው። በአዱሊስ ወደብ ዙሪያ 70 ያህል መርከቦች ተሰባሰቡ። በዚያው ወቅት አዱሊስ የነበረው ነጋዴው ኮስማስ የዘመቻውን ዝግጅት በዓይኑ ተመልክቶ በመጽሐፉ መዝግቦታል።

ሠራዊቱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡ ወደ አንድ ባለጸጋ ወይም ወደ ጦር አዋቂ አልሄዱም። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ከአክሱም ወጣ ብሎ በሚገኝ ኮረብታ ላይ በጠባብ በዓት 45 ዓመት ሳይቀመጡና ሳይተኙ የጸለዩትን አባ ጰንጠሌዎንን ፈልገው ሄዱ። ሁሉ ያላቸው ንጉሥ ምንም የሌላቸውን መነኩሴ በረከት ለመኑ። የድል ተስፋም ከእርሳቸው አንደበት ሰሙ።

በ525 ዓ.ም. ዙ ኑዋስ ተሸነፈ። ዐፄ ካሌብ በአክሱም ባስቀረጹት የድንጋይ ጽሑፍ ድሉን ለራሳቸው ክንድ አልሰጡም፤ ከመዝሙረ ዳዊት እየጠቀሱ ለእግዚአብሔር ሰጡ እንጂ። ይሁን እንጂ በጦር የተያዘው ምድር በእጅ አልጸናም። አብርሃ የተባለ ሰው በየመን ሥልጣን ያዘ። ሊቀጣው ከተላኩት ሁለት ሠራዊቶች የመጀመሪያው ለአብርሃ ሲያድር ሁለተኛው ድል ተነሣ። ባሕር ተሻግሮ የተገኘው ግዛት በንጉሡ ዘመን ከእጃቸው እየወጣ ሄደ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንዲህ ያስተላልፋል። ንጉሡ ዘውዳቸውን በክርስቶስ መቃብር ላይ እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለገብረ መስቀል ተዉ። በሌሊት ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የያዙት የሚተኙበትን ሰሌንና የሚጠጡበትን ጽዋ ብቻ ነበር። ከዘመቻው በፊት በረከት ወደተቀበሉበት ኮረብታ ተመልሰው መነኮሱ። ምግባቸው ዳቦና ቅጠል፣ መጠጣቸውም ውኃ ሆነ።

በስማቸው የሚጠራው መቃብርና የአባ ጰንጠሌዎን ገዳም ዛሬም በአክሱም አካባቢ አሉ። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኤልስባን በሚል ስም ከቅዱሳን ቆጥራቸዋለች። በብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስማቸው ማኅበር መሥርተው ቤተ ክርስቲያን አንጸዋል። ነፃነታቸውን ጭምር የተነጠቁት እነዚያ ሰዎች ዘውዱን በፈቃዱ የተወውን ጥቁር ንጉሥ ጠባቂያቸው አድርገው መረጡት።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን ታስባቸዋለች። ወቅቱ ገበሬው ለመኸር ማሳውን እያረሰ ሰማዩን የሚጠባበቅበት ነው። ከጎተራው የተረፈውን ዘር ገና ለማያየው ዝናብ አምኖ ለመሬት የሚሰጥ ሰው፣ የያዙትን ለቅቀው በእምነት የወጡትን ንጉሥ ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም።