የፍትሐ ነገሥት አዘጋጅ ኢብን አል አሳል

ፍትሐ ነገሥት በሀገራችን የመጻሕፍት ጉባኤ እየተነበበ በአንድምታ የሚተረጐም መጽሐፍ ነው። በትውፊት ሲነገር የኖረው ሠለስቱ ምዕት በኒቅያ ጽፈው ለንጉሥ ቈስጠንጢኖስ እንደ ሰጡት ነው። ይህ ትውፊት ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እናየዋለን። መጽሐፉን በዐረብኛ ያዘጋጀው ግን በ13ኛው መቶ ዓመት በካይሮ የነበረ ግብጻዊ ክርስቲያን፥ አስ ሳፊ ኢብን አል አሳል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተመለከቱ ናቸው።)

የቤተ ሰቡ ስም ከማር ንግድ የመጣ ሲሆን፥ ልጆቹ ግን የታወቁት በብዕር ነው። አንዱ ወንድሙ አል አስዓድ አራቱን ወንጌላት በዐረብኛ አስተካክሎ ተረጐመ፤ ሌላው ወንድሙ አል ሙእተመን ስለ ሃይማኖት መሠረቶች ሰፊ መጽሐፍ ደረሰ። አስ ሳፊ ራሱ የዮሐንስ አፈ ወርቅን ድርሳናት አሳጥሮ ጽፏል፤ በክርስትና ላይ ለተነሡ ተከራካሪዎችም መልስ ሰጥቷል። ቤተ ሰቡ ለአዩባውያን ሱልጣኖች መንግሥት ያገለግል ስለ ነበር፥ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ብቻ ሳይሆን የመንግሥትንና የእስላም ዳኞችን አሠራር ጭምር ያውቅ ነበር።

ወደ ሕግ የመራው የወገኖቹ ችግር ነው። የእስክንድርያ መንበር ከ1216 እስከ 1235 ድረስ፥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል፥ ፓትርያርክ ሳይሾምበት ቀረ፤ ዳዊት ኢብን ለቅለቅ የተባለውን ዕጩ የሚደግፉትና የሚቃወሙት ሊስማሙ አልቻሉምና። በመጨረሻ በ1235 ይኸው ዳዊት ቄርሎስ ሣልሳዊ ተብለው ተሾሙ። በዚያ ረጅም ዘመን ብዙ ጳጳሳት ሞተው አህጉረ ስብከቶቻቸው ባዶ ቀርተው ስለ ነበር ፓትርያርኩ ብዙዎችን ሾሙ፤ ነገር ግን ክህነቱን በገንዘብ ሰጡ። (ለኢየሩሳሌምም የግብጽ ጳጳስ የሾሙት እኚሁ ናቸው፤ የአንጾኪያው ፓትርያርክ ስለዚህ ነገር እጅግ ተቈጥተው ነበር።) ጉዳዩ ከፍ እያለ ሄዶ በ1238 ጳጳሳቱ በካይሮ ጉባኤ አደረጉና ፓትርያርኩ በሕግ እንዲመሩ አስገደዱ። በዚያ ጉባኤ ጸሓፊ የነበረው አስ ሳፊ ነው፤ የሕጉንም ስብስብ በዚያው ዓመት ፈጸመ። እንግዲህ መጽሐፉ የተወለደው ትልቁን ሹም በጽሑፍ ለመግታት በተደረገ ክርክር መካከል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

መጽሐፉ 51 አንቀጽ አለው። የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፥ የቀሩት 29 በአብዛኛው ስለ ሥጋዊ ፍርድ ይናገራሉ፤ ጋብቻ፥ ብድር፥ ሽያጭ፥ ዋስትና፥ ኑዛዜ፥ ውርስ፥ የዳኞች ነገር፥ ግድያ፥ ስርቆት በእነዚህ ውስጥ ይገኛሉ። አስ ሳፊ ሕጉን ከልቡ አላፈለቀም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ፥ ከሐዋርያትና ከጉባኤያት ቀኖናዎች፥ ደግሞም የነገሥታት ሕግጋት ከሚባል ስብስብ ለቅሞ አስማማ። ይህ የመጨረሻው ከቢዛንጥያ ነገሥታት ሕግ በዐረብኛ የተመለሰ ሲሆን፥ ግብጻውያን ቈስጠንጢኖስ የሠራውና በኒቅያ የጸደቀ ነው ይሉት ነበር፤ የእኛም ትውፊት ከዚህ ወጣ። ሥሩ ሲመረመር ግን ወደ ዮስጢንያኖስና ከእርሱ በፊት ወደ ነበሩት የሮም ሊቃውንት ያደርሳል። በንግድና በውል አንቀጾች የእስላም ሊቃነ ሕግ ትምህርትም ይታያል፤ አዘጋጁ የሚጠቅመውን ከጎረቤት ለመውሰድ አላፈረም።

በወንጀል ነገር ሆን ብሎ የገደለውንና ሳያስበው የገደለውን ይለያል፤ ፍርድ በምስክር እንዲጸና ያዛል፤ ዳኛ መማለጃ እንዳይቀበልና ለሀብታም እንዳያደላ ይከለክላል። ከቢዛንጥያ የወረሰው አካል የመቍረጥ ቅጣት ግን ዛሬ ሲነበብ ይከብዳል። ስለ ባርነት የሚናገረው አንቀጽ ደግሞ ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ገልጦ፥ የጦርነት ሕግ ግን ባሪያ ያደርገዋል ይላል። ሁለቱ ቃላት አብረው ሊኖሩ አይችሉም። ባሪያን ነጻ ማውጣት መልካም ሥራ መሆኑን ቢያስተምርም፥ ይህ አንቀጽ በኋላ ዘመን ለባሪያ ፈንጋዮች መከላከያ ሆኖ ብዙ ሰው ጐድቷል።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል። በእስላም መንግሥት ሥር የሚኖር ግብጻዊ ክርስቲያን የነፍሰ ገዳይን ፍርድ ስለ ምን ይጽፋል? የጋብቻንና የውርስን ነገር ጳጳሳቱ ይዳኙ ነበር፤ የደምንና የሌባን ነገር የሚቈርጠው ግን የሱልጣኑ ዳኛ ነበርና። ስለዚህ የወንጀሉና ስለ ንጉሥ የሚናገረው አንቀጽ በግብጽ ችሎት ያልነበረው ሕግ ነው። አስ ሳፊ የጻፈው ሕጉ ምሉዕ እንዲሆን ይመስለኛል፤ ሙሉ ሕግ ያለው ሕዝብ መንግሥት ባይኖረው እንኳ ሕዝብነቱ አይጠፋምና። እርሱ ከ1260 አስቀድሞ እንዳረፈ ሊቃውንት ይናገራሉ።

ችሎቱን ያገኘው በክርስቲያን ንጉሥ ሀገር ነው። ጴጥሮስ ወልደ አብደ ሰይድ የተባለ ሰው መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰው፤ በትውፊት ይህ የሆነው ከ1434 እስከ 1468 በነገሠው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። ትርጓሜው በብዙ ቦታ ዐረብኛውን ይስታል፤ ኢጣልያዊው ሊቅ ጊዲ በሮም ባሳተመው ጊዜ ይህን አሳይቷል። ስሕተቱን የሚያቃናው የመምህራኑ አንድምታ ነበር። በንጉሡ ችሎት ነገሩ ከተሰማ በኋላ ፈራጆቹ ከታናሹ ጀምረው እየተነሡ አሳባቸውን ይሰጣሉ፤ ሊቃውንቱም የሚገባውን አንቀጽ በግዕዝ አንብበው በአማርኛ ይፈቱታል፤ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነው። ሞት የተፈረደበትን ነፍሰ ገዳይ ግን ለሟች ዘመዶች መስጠትና እነርሱም ከወደዱ የደም ዋጋ ተቀብለው መማራቸው የቈየ ልማድ ነበርና፥ መጽሐፍና ልማድ በአንድ ወንበር ፊት ሲተያዩ ኖሩ።

በ1930 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከፍትሐ ነገሥት ብዙ ወሰደ። በ1957 አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ፥ በ1960 ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲታወጁ ዳኞች ከመጽሐፉ ጠቅሰው መፍረዳቸው አበቃ። ከዚያ ወዲህ 51ዱ አንቀጽ የሚሰማው መምህሩ በጉባኤ ቤት ሲተረጕሙት ነው።