አብርሃም ትራምብሌና የኩሬው ፍጥረት

በሥነ ሕይወት መጽሐፋችን ስፖንጅ፣ ኮራል፣ ጄሊፊሽና ሃይድራ የሚባሉት ፍጥረቶች ከእንስሳት ጋር ተቈጥረው እናገኛቸዋለን። እኛ ይህን በአንድ ማታ አጥንተን በማግሥቱ ለፈተና እናቀርበዋለን። ነገር ግን ከ300 ዓመት በፊት ስፖንጅና ኮራል እጽዋት ናቸው የሚሉ ሊቃውንት እጅግ ብዙ ነበሩ። ይህ አሳብ እንዲለወጥ በር ከከፈቱት ሰዎች አንዱ የታላቅ ትምህርት ቤት መምህር ሳይሆን የሁለት ሕፃናት የቤት አስተማሪ ነበረ። ስሙም አብርሃም ትራምብሌ ይባላል።

ትራምብሌ በ1710 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በጄኔቭ ከተማ ተወለደ። በዚያው ከተማ ሒሳብ ከተማረ በኋላ ወደ ሆላንድ ሄዶ በአስተማሪነት ሥራ ይተዳደር ጀመር። ኮንት ቪለም ቤንቲንክ የተባሉ መኰንንም ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን እንዲያስተምርላቸው ቀጠሩት። መኖሪያቸው ሄግ ከተማ አጠገብ ሶርግፍሊት በሚባል፣ ኩሬና አትክልት በሞላበት ስፍራ ነበረ። በዚያን ዘመን የልጆቹ አባትና እናት ስለ ተለያዩ የሕፃናቱ አስተዳደግ ይበልጡን በአስተማሪው ላይ ወደቀ። እርሱም በመጽሐፍ ብቻ ማስተማር አይበቃም ብሎ ስላመነ፣ ልጆቹን አስከትሎ ወደ ኩሬው እየወረደ በውኃ ውስጥ የሚኖሩትን ፍጥረቶች ያሳያቸው ነበር።

በ1740 ዓ.ም. በሰኔ ወር የውኃ ሣር ከነውኃው በመስተዋት ዕቃ አምጥቶ ሲመለከት፣ በሣሩ ላይ የተጣበቀ አንድ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር አየ። ቁመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም፤ በጫፉም ዙሪያ እንደ ክር የቀጠኑ ክንዶች ነበሩት። በመጀመሪያ ተክል መሰለው። ጥቂት ቈይቶ ግን ክንዶቹ ሲንቀሳቀሱ አየ፤ ዕቃውንም ነቅነቅ ሲያደርገው ፍጥረቱ ተኰማትሮ እንደ ነጥብ ሆነ። ደግሞም እነዚህ ፍጥረቶች ብርሃን ባለበት በኩል መሰብሰባቸውን አስተዋለ። ዕቃውን ቢያዞርባቸው ቀስ በቀስ ተጕዘው እንደ ገና ወደ ብርሃኑ መጡ። ስለዚህ እንስሳ ሳይሆኑ አይቀሩም አለ።

ነገር ግን ክንዶቻቸውን ሲቈጥር የአንዱ ከሌላው የማይተካከል ሆኖ አገኘው። የእንስሳ እግር በቍጥር የተወሰነ ሲሆን፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ግን አንዱ ዛፍ ላይ ይበዛል፣ ሌላው ላይ ያንሳል። በዚህ ምክንያት እንደ ገና ተጠራጠረና ነገሩን የሚለይበት ፈተና አሰበ። ባሕር ዛፍ ቢቈረጥ ጉቶው ያቈጠቍጣል፤ በግ ለሁለት ቢቈረጥ ግን ይሞታል። እንግዲህ ይህ ፍጥረት ተቈርጦ ሁለቱም ወገን ካደገ ተክል ነው፤ ከሞተም እንስሳ ነው ማለት ነው። በኅዳር 25 ቀን 1740 ዓ.ም. በመቀስ ለሁለት ቈረጠው። ዘጠኝ ቀን ያህል ካለፈ በኋላ ከታችኛው ግማሽ አዲስ ክንዶች ብቅ አሉ፤ ውሎ አድሮም ሁለቱ ግማሾች ሁለት ሙሉ ፍጥረቶች ሆኑ።

እንደ ራሱ ፈተና ከሆነ ፍጥረቱ ተክል መሆን ነበረበት። ነገር ግን ተክል የተባለው ይራመዳል፤ በክንዶቹም ደቃቅ የውኃ ነፍሳትን ይዞ ይበላል። ትራምብሌ በዚህ ጊዜ ያየውን አልደበቀም፤ ፈተናውንም ለማዳን ሲል ዓይኑን አልጨፈነም። ነገሩን ሁሉ ጽፎ በፓሪስ ለሚገኘው ለታላቁ ሊቅ ለሬዮሚር አሳወቀ። ፍጥረቶቹንም በውኃ አድርጎ ላከለት፤ ዕቃው በሰም ስለ ታተመ ታፍነው ሞቱ። በሁለተኛው ጊዜ ግን በቡሽ ከድኖ ላካቸውና በሕይወት ደረሱ። ሬዮሚርም በ1741 ዓ.ም. በገዛ እጁ ቈርጦ ተመለከተና እንስሳ መሆናቸውን መሰከረ።

ከዚህ በፊት ፔሶኔል የተባለ የማርሴይ ሰው የኮራል አበባ የሚባለው እንስሳ ነው ብሎ አስታውቆ ነበር። ሬዮሚር ያን ጊዜ አልተቀበለውም። የትራምብሌን ፍጥረት ካየ በኋላ ግን ስሕተቱን በይፋ በጽሑፍ አመነ።

ትራምብሌ የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1743 ዓ.ም.ም የኮፕሊን ሜዳይ ተሸለመ። በ1744 ዓ.ም. ሥራውን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ፍጥረቱን እንደ እግር ሹራብ ውስጡን ወደ ውጭ እንደ ገለበጠው፣ ራሱንም እየሰነጠቀ ባለ ብዙ ራስ እንዳደረገው ተርኳል። ሊኔዎስም ራሱ ሲቈረጥ ሌላ የሚበቅልለትን የግሪኮችን ተረት እባብ በማስታወስ ሃይድራ ብሎ ሰየመው። ይህን ፍጥረት በመጀመሪያ ያየው ትራምብሌ አልነበረም፤ ሌዌንሁክ ከእርሱ በፊት አይቶት በ1703 ዓ.ም. ታትሞለታል። ትራምብሌ ግን አይቶ አላለፈውም።

ነገሩ በተሰማ ጊዜ በብዙ ሰዎች ልብ ውስጥ ሁከት ተነሣ። እንስሳ ለሁለት ሲቈረጥ ሁለት ከሆነ ነፍሱስ ትከፈላለችን ብለው የተጨነቁ ነበሩ። ሌሎችም ነፍስ የሚባል ነገር እንደሌለ ማስረጃ አደረጉት። ትራምብሌ አማኝ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ያየውን ብቻ ጻፈ እንጂ ለክርክር መሣሪያ አላደረገውም። በኋላም ወደ ጄኔቭ ተመልሶ በ1757 ዓ.ም. አገባ፤ ልጆቹን እያሳደገ ስለ ተፈጥሮና ስለ ሃይማኖት ለወጣቶች የሚሆኑ መጻሕፍት ጻፈ። በግንቦት 12 ቀን 1784 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ ምርመራው ቀጠለ። በ1820ዎቹ ዓመታት ሮበርት ግራንት የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም ውኃ በስፖንጅ ትንንሽ ቀዳዳዎች ገብቶ በትልቁ እንደሚወጣ በዓይኑ አይቶ፣ ስፖንጅም እንስሳ መሆኑን አስረዳ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ሃቼክ የተባለው ሊቅ ስፖንጆችን ለብቻቸው፣ ሃይድራን፣ ኮራልንና ጄሊፊሽን በአንድነት መደባቸው። የዚህ የሁለተኛው ወገን ስም ከግሪክ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው ከሳማ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሁሉም በአካላቸው ውስጥ እንደ ሳማ የሚለበልቡ ጥቃቅን ሕዋሳት አሏቸውና። ስፖንጅ ግን ይህ የለውም፤ አፍና ነርቭም የለውም።

እኔ እነዚህን የክፍል ስሞች ሁሉ በቃሌ አውቃቸው ነበር፤ አንድም ቀን ግን የኩሬ ውኃ በአጉሊ መነጽር አይቼ አላውቅም ነበር። ትራምብሌ የክፍሎቹን ስም አያውቅም፤ ገና አልወጣላቸውምና። እርሱ የነበረው አንድ የመስተዋት ዕቃ፣ አንድ መቀስ፣ ደግሞም የገዛ አሳቡ ሲፈርስ ቢያይ የማይቈጣ ልብ ነበረ። ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ ከትምህርት ቤታችን ስንወጣ መጽሐፎቻችንን ለታናናሾቻችን ትተን እንሄዳለን፤ ይህን ልብ ግን ይዘነው እንውጣ።