ኦነሲሞስ ነሲብና አፍ መፍቻ ቋንቋቸው

በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ነገሥታትንና የጦር አለቆችን መረጡ። እኔ ግን በነቀምቴ ከተማ አስተምረው በዚሁ ከተማ ስላረፉት ስለ ኦነሲሞስ ነሲብ ለመጻፍ ወደድሁ። እኚህ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ እንደ ተረጐሙ በወለጋ የማያውቅ የለም፤ በአይራም በስማቸው የሚጠራ ሴሚናሪ አለ። ይህንኑ ብቻ ደግሜ ብጽፍ አንባቢን ማሰልቸት ይሆንብኛል። እኔን እጅግ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም እኚህ ትልቅ ተርጓሚ በሥራቸው መካከል የገዛ እናታቸው ቋንቋ ቃላት ጠፍተውባቸው መቸገራቸው ነው። በልጅነት የደረሰ መከራ የሰውን የማስታወስ ኃይል እንዴት እንደሚነካ የሚመረምሩ ሊቃውንት በዘመናችን ብዙ ስለ ሆኑ፣ የኦነሲሞስን ሕይወት በዚህ በኩል ለማየት ሞክሬአለሁ። ዓመቶቹ፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦነሲሞስ የተወለዱት በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ነው። በልጅነት የነበራቸው ስም ሂካ ነበር። ይህ ስም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ሲሆን፣ ግሡም ልክ እንደ አማርኛው «ፈታ» ሁለት ትርጉም አለው፤ የታሰረውን መፍታትም ነው፣ የቃልን ፍች መስጠትም ነው። ለዚህ ልጅ ሁለቱም የሚያስፈልጉት ሆኑ። የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት። በ1869፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት።

ያን ጊዜ ከጊቤ ማዶ የሚነጠቁ ልጆች በጐጃም ገበያዎች በኩል እያለፉ ወደ መተማ ወይም ወደ ምፅዋ ይነዱ ነበር። ሂካም ኋላ ኦነሲሞስ ተብሎ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ቦርድ በጻፈው የሕይወት ታሪክ እንደ ገለጸው፣ ነፃ እስኪወጣ ድረስ በስምንት ጌቶች እጅ አልፏል። ስምንት ጌታ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ጥቂት ያስብ። ጌታው በተለወጠ ቁጥር ትእዛዙም፣ ልማዱም፣ ቁጣውም ይለወጣል። መንገዱም በሄደ መጠን የልጁን ቋንቋ የሚሰማ ሰው እያነሰ ይሄዳል። በ1870 ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር በምፅዋ ነፃ አወጣውና በዚያው ባለው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት እንዲማር አደረገ። ማርች 31 ቀን 1872፣ በፋሲካ እሑድ፣ ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ይህም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የተነሣው የባሪያው ስም ነው፤ በግሪክኛ ጠቃሚ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኦነሲሞስ የተነጠቁበትን ታሪክና የጌቶቻቸውን ቁጥር ጽፈው ለማስረዳት ችለዋል። መከራ ሁሉን ነገር ከአእምሮ ጠርጎ አያወጣም። በ1888 አንዲት የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባዎች ብዙ የኦሮሞ ልጆች አስጥላ ነበር። ከእነርሱም 64ቱ በ1890 በደቡብ አፍሪካ ወዳለው የላቭዴል ሚስዮን ተወስደው፣ እያንዳንዳቸው እንዴት እንደ ተነጠቁ ተጠይቀው ቃላቸው ተጽፏል። ልጆቹም የመንደራቸውንና የወላጆቻቸውን ስም እያነሡ፣ የተሸጡበትን መንገድ ተናገሩ። እንግዲህ አንዳንዱ ነገር ከሚገባው በላይ ተቀርጾ ይቀራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይታወቅ ይጠፋል።

የአእምሮ ሐኪሞች ይህን እንዲህ ያስረዱታል። በአንጎል ውስጥ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል የአንድን ነገር ቦታና ጊዜ እያያያዘ ያኖራል፤ አሚግዳላ የሚባለው ደግሞ ፍርሃትን ከነገሩ ጋር ያትማል። ድንጋጤው እጅግ ሲበረታ የፍርሃቱ ማኅተም ጠልቆ ይታተማል፣ የነገሩ ተራ ግን ይፋለሳል። ስለዚህ ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው የገመዱን ሽታ ወይም የአንድ ሰው ድምፅ ትናንት እንደ ሰማው አድርጎ ያስታውሳል፤ ቀኑንና ቅደም ተከተሉን ሲጠየቅ ግን ይደነጋገራል። አንዳንዱም ተራ የሆነ ድምፅ ሰምቶ አደጋው እንደ ገና የመጣ ይመስለዋል። ይህ ሁኔታ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ ውስጥ ራሱን የቻለ የሕመም ስም ያገኘው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቻርልስ ማየርስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የማስታወስና የማየት ኃይላቸው ስለ ታወከ ወታደሮች ጽፎ ነበር። ይህን ማንሣቴ ኦነሲሞስን በሽተኛ ለማለት አይደለም። በሩቅ ዘመን የነበረን ሰው ተቀምጦ መመርመር አይቻልም፤ ተገቢም አይመስለኝም።

ነገሩ ግን ለእኛ ሩቅ አይደለም። በሌላ ትምህርት ቤት በምማርበት ጊዜ ከቀዬው ተፈናቅሎ ወደ ነቀምቴ የመጣ አንድ ልጅ ከእኛ ጋር ተቀምጦ ነበር። መምህሩ ስለ ልጅነታችን ድርሰት እንድንጽፍ ባዘዙን ጊዜ እርሱ ሁለት መስመር ብቻ ጽፎ ሰጠ። በቃል ሲጠየቅም አንድ ጊዜ ሌሊት ነበር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀን ነበር አለ። መምህሩ ውሸታም አሉት፤ እኛም ሳቅንበት። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። የኦነሲሞስን ታሪክ ሳጠና ብዙ ጊዜ የታወሰኝ ይህ ልጅ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ኦነሲሞስ ትምህርታቸውን በደንብ ስለ ያዙ ወደ ስዊድን ተልከው በብሮማ ባለው የዮሐኔሉንድ ሴሚናር አምስት ዓመት ተማሩ። ወደ ምፅዋ ሲመለሱ ምሕረት ኃይሉን አግብተው ወዲያው ወደ ወለጋ ለመድረስ ከሚስዮኑ ጓድ ጋር ተነሡ። የመሐሉ አገር መንገድ ለሚስዮናውያን ተከልክሎ ስለ ነበር በሱዳን ዞሩ። ሆኖም ከፋማካ አካባቢ ሊያልፉ አልቻሉም። ኦነሲሞስም በትኩሳት ታመው በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። በ1886 ደግሞ በሸዋ በኩል ሞክረው እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ከዚያም እንዲመለሱ ታዘዙ። እናታቸው ወደ ነበሩበት ምድር ሁለት ጊዜ ቀርበው ሁለት ጊዜ የተመለሱት እኚህ ሰው፣ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ ተቀምጠው መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ለመተርጐም ጀመሩ።

ችግሩም የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ከኦሮሞ ሕዝብ መካከል ከወጡ ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል ሆኗቸዋል፤ በዚህም መካከል ሌላ ቋንቋ ሲሰሙና ሲማሩ ኖረዋል። ስለዚህ ለቅዱሳት መጻሕፍት የሚበቃ ቃል ከአእምሮአቸው ማግኘት አልቻሉም። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚያውቀው ቋንቋ ከብት የሚጠበቅበትና ከእኩዮች ጋር የሚጫወቱበት ነው፤ ስለ ፍርድ፣ ስለ ቃል ኪዳንና ስለ ሐዘን የሽማግሌዎችን አነጋገር ገና አልጨረሰም። በዚያ ላይ የመነጠቁ ነገር አለ። ሞኒካ ሽሚድ የተባሉ የቋንቋ ሊቅ በናዚ ዘመን ከጀርመን አገር ከዱስልዶርፍ ከተማ የተሰደዱትን አይሁዳውያን አነጋገር መርምረው በ2002 አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከእነዚህ ሰዎች የጀርመንኛ ቋንቋቸው ይበልጥ የተጐዳባቸው፣ በኅዳር 1938 ከተደረገው ቃጠሎና ዘረፋ በኋላ የሸሹት ሆነው ተገኙ፤ አስቀድመው የወጡት ግን ይሻሉ ነበር። ስለዚህ የስደት ዓመታቱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ከአገሩ ሲወጣ ያየው ክፉ ነገርም ቋንቋውን ይነካል ማለት ነው።

ሌላም ደስ የሚያሰኝ ምርመራ አለ። ኦነሲሞስ በእምኩሉ በሚሠሩበት ዘመን፣ በ1885፣ ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ የመርሳትን ነገር በራሱ ላይ ፈትኖ አንድ መጽሐፍ አወጣ። ትርጉም የሌላቸውን ፊደላት በቃሉ እያጠና ስንቱን እንደሚረሳ ቈጠረ። ፈጽሞ የረሳ የመሰለውን እንኳ ሁለተኛ ሲያጠናው ከመጀመሪያው ይልቅ ባጠረ ጊዜ እንደሚይዘው አገኘ። ስለዚህ የተረሳ ሁሉ የጠፋ አይደለም፤ የሚያነሣሣው ያስፈልገዋል።

ለኦነሲሞስ ይህን ያደረጉላቸው አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴርም የባርነትን መራራነት ቀምሰዋል። በሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ከተደረጉ በኋላ ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በባሕር ሲወሰዱ፣ በ1886 የኢጣልያ መርከብ ይዛ አስጣለቻቸውና ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። እንግዲህ ሁለቱም በልጅነት ተነጥቀዋል፤ ሁለቱም ባሕሩ ዳር ደርሰዋል። የአንዳቸው ቃል ሲሳሳ የሌላይቱ እንዴት ሙሉ ሆኖ ቀረ? ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ አስቴር ከአገራቸው ከወጡ ገና ብዙ ጊዜ አልሆናቸውም ነበር፤ በእምኩሉም ነፃ የወጡ ሌሎች የኦሮሞ ልጆች ስለ ነበሩ የሚያነጋግራቸው አላጡም። ኦነሲሞስ ግን ቋንቋቸውን ብዙ ዓመት ያለ ጓደኛ ተሸክመውት ኖሩ። እርግጥ የአስቴር ልዩ ተሰጥኦም የሚካድ አይደለም። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ተሰጥቷቸው ሠሩ፤ ከዚህም ሌላ 500 ያህል እንቈቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከቃላቸው ጻፉ። አንድ ሰው 500 እንቈቅልሽና ተረት ይዞ በባሪያ ነጋዴ ጀልባ ውስጥ መቀመጡን ሳስብ ይገርመኛል። ነጋዴው የያዘውን ዕቃ ዋጋ አላወቀም።

ሁለቱ አብረው ሠሩ። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ በ1894 የኦሮምኛ ማስተማሪያ ፊደል ወጣ፤ ከአስቴር ተረቶችም ብዙዎቹ በዚህ ገቡ። ትርጕሙ በ1897 ሲያልቅ ኦነሲሞስ ኅትመቱን ለመቈጣጠር በስዊስ አገር ወዳለው ወደ ቅዱስ ክሪስኮና ሄዱ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። በርእሱ ገጽ ላይ የአስቴር ስም የለም። ይህ ስሕተት ነበር ለማለት አልፈራም።

በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ገቡ። በነቀምቴም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለት ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። ኦነሲሞስ በኦሮምኛ ማስተማር እንደ ጀመሩ ክስ ተነሣባቸው። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግን ወደ ነቀምቴ ተመልሰው እንዲቀመጡ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ ወሰኑ። ስለዚህ ዐሥር ዓመት ያህል በትምህርት ቤታቸው ልጆችን እያስተማሩ ኖሩ፤ አስቴርም በነቀምቴ መምህርት ነበሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጧቸው።

ኦነሲሞስ ያረፉት በነቀምቴ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ ማለት ጁን 21 ቀን 1931 ነው። ከተነጠቁ 62 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁሩሙ ከነቀምቴ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን በነቀምቴ ገበያ የሚነገረው ቋንቋ እናታቸው ሂካ ብለው የጠሩበት ነበር።