በጨረቃ ድል አድራጊዎች ላይ የሳቀው ዦርዥ ሜሊየስ

የሰው ልጅ ጨረቃን በእግሩ የረገጠው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በፊልም ግን ከዚያ 67 ዓመታት አስቀድሞ ረግጧታል። ያ ፊልም የተሠራው ተመልካችን ለማስደነቅ ብቻ ሳይሆን ለማሳቅም ጭምር ነበር። የጠፈር ጀብዱ ፊልም ገና ከጅምሩ በጀብደኞች ላይ የሚያፌዝ ኮሜዲ ሆኖ ብቅ ማለቱ ሊዘነጋ አይገባም። የሥራው ባለቤትም ፈረንሳዊው ዦርዥ ሜሊየስ ነው።

ሜሊየስ በ1861 በፓሪስ ከተማ ከአንድ ባለጠጋ የጫማ ፋብሪካ ባለቤት ተወለደ። በፋብሪካው ውስጥ የመኪናን አሠራርና ጥገና ቢማርም ልቡ ያደላው ለሥዕልና ለምትሀት ትርኢት ነበር። በ1888 በፋብሪካው ያለውን ድርሻ ለወንድሞቹ ሸጦ ሮቤር ኡዳን የተባለውን የምትሀት ቲያትር ቤት ገዛ። በተከታዩ ዓመት ጄኔራል ቡላንዤ ሕዝቡን አስከትሎ ሥልጣን ለመያዝ ባሰፈሰፈ ጊዜ፣ ሜሊየስ በብዕር ስም በጄኔራሉ ላይ የሚሳለቁ ሥዕሎችን በጋዜጣ ያወጣ ነበር። ስለዚህም ኃይለኞችን በሳቅ መውጋት የጀመረው ከፊልም አስቀድሞ ነው።

በ1895 መጨረሻ የሉሚየር ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲያሳዩ ሜሊየስ ከታዳሚዎቹ አንዱ ነበር። መሣሪያውን እንዲሸጡለት ቢጠይቅ እምቢ ስላሉት፣ ከሎንዶን ሌላ ገዝቶ እንደሚመቸው አድርጎ አሻሻለው። በሞንትሮይ ጣራና ግድግዳው መስተዋት የሆነ ስቱዲዮ ሠርቶም ከ500 በላይ ፊልሞችን አዘጋጀ።

ከእነዚህ ሁሉ ስመ ጥር የሆነው በ1902 የወጣው «ወደ ጨረቃ ጉዞ» ነው። ሐሳቡ ከዡል ቬርንና ከኤች. ጂ. ዌልስ ልብ ወለዶች የተቀዳ ቢሆንም፣ ሜሊየስ የደራሲዎቹን ሳይንስ ወደ ቧልት ለውጦታል። ሊቃውንቱ እንደ ጠንቋይ ሾጣጣ ቆብ ደፍተው ይጨቃጨቃሉ። በመድፍ ተተኩሰው የጨረቃን ዓይን ይወጋሉ። የጨረቃን ነዋሪዎች በዣንጥላ እየመቱ ወደ ጢስ ይለውጣሉ። በመጨረሻም አንዱን ማርከው ሲመለሱ ሜዳሊያና ሐውልት ይሸለማሉ። የሊቃውንቱን አለቃ ሆኖ የተጫወተው ራሱ ሜሊየስ ነው።

ይህ ሳቅ ለሐረር ሰው እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1855 ወደ ሐረር ገብቶ 10 ቀን ያህል ከቆየ በኋላ የጻፈውን መጽሐፍ «በምሥራቅ አፍሪካ የመጀመሪያ እርምጃዎች» ብሎ ሰይሞታል። ሐረሮች ግን ጁገልን አጥረው፣ በአምስቱ በሮች ሲወጡና ሲገቡ ዘመናት አልፈዋል። ሜሊየስ ስለ ሐረር አልሠራም። ሆኖም የሰው አገር ገብቶ ራሱን አግኚ፣ ባለቤቱን አውሬ የሚያደርገውን የዚያን ዘመን ትዕቢት የመሳቂያ ልብስ አልብሶታል። ፊልሙ የወጣው ከዐድዋ ድል 6 ዓመት በኋላ መሆኑም ሲታሰብ የሳቁ ትርጉም ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይጎላል።

ሥራው ዝና እንጂ ሀብት አላተረፈለትም። የአሜሪካ ነጋዴዎች ፊልሙን ያለ ፈቃድ እያባዙ ትርፉን ወሰዱ። ሜሊየስ የፈረንሳይ ፊልም አዘጋጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ በ1909 በፓሪስ የተደረገው ዓለም አቀፍ የፊልም አዘጋጆች ጉባኤም ሰብሳቢ ሆኖ ለሙያው ደክሟል። ይሁን እንጂ ዕዳ አሸነፈው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የፊልሞቹ ቅጂዎች ተወስደው ለጫማ ተረከዝ መሥሪያ ዋሉ። የጫማ ፋብሪካ ትቶ የወጣው ሰው ሥራው ተመልሶ ጫማ ሆነ። በ1923 ቲያትር ቤቱ ፈረሰ፤ እርሱም በእጁ የቀሩትን ፊልሞች በተስፋ መቁረጥ አቃጠለ። ከዚያም በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ መጫወቻና ከረሜላ ሲሸጥ ኖረ።

ጋዜጠኞችና የሙያ ወዳጆቹ ፈልገው ካገኙት በኋላ በ1929 ታላቅ የክብር ምሽት ተደረገለት። በ1932 የፊልም ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር በኦርሊ መጦሪያ ሰጠው። በ1938 ጥር ወር እስኪያርፍ ድረስም ለቁም ነገር ደረሰለት።

የ«ወደ ጨረቃ ጉዞ» ባለቀለም ቅጂ በ1993 በባርሴሎና ተገኝቶ፣ ከረጅም እድሳት በኋላ በ2011 በካን ፌስቲቫል ታየ። ሰውየውን ከጎዳና ያነሣው የባልደረቦቹ ማኅበር ነው፤ ሥራውንም ከጥፋት ያዳነው ቅጂውን ያስቀመጠው እጅ ነው። ሙያተኛን በሕይወቱ መደገፍ፣ ሥራውንም ሳይቃጠል ማስቀመጥ ለማናቸውም የሙያ ማኅበር የማይተላለፍ ግዴታ መሆኑን የሜሊየስ ሕይወት ያስተምራል።