ሮበርት ስሞልስ፦ በሕግ የተሰጠ መብት በሕግ ሲነጠቅ

ነጻነት አንዳንድ ጊዜ በአንድ ሌሊት ይገኛል። የተገኘውን ነጻነት ጠብቆ ማቆየት ግን የዕድሜ ልክ ትግል ይጠይቃል። ይህን በሕይወቱ ካዩት ሰዎች አንዱ የአሜሪካዋ የደቡብ ካሮላይና ግዛት ተወላጅ ሮበርት ስሞልስ ነው። ባሪያ ሆኖ ተወለደ፤ መርከብ ይዞ አመለጠ፤ ነጋዴና የግዛቱ ሕግ አውጪ ሆነ። በስተመጨረሻም ወገኖቹ በሕግ አንቀጽ የመምረጥ መብታቸውን ሲነጠቁ በዓይኑ አየ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሞልስ በ1839 ቢዩፎርት በተባለች ከተማ ተወለደ። እናቱ በጌታቸው ቤት አገልጋይ ነበረች። በ12 ዓመቱ ወደ ቻርለስተን ከተማ ተልኮ በኪራይ እንዲሠራ ተደረገ። ከድካሙ ዋጋ በሳምንት 1 ዶላር ብቻ ለእሱ ሲተውለት ቀሪው ለጌታው ገቢ ይሆን ነበር። በ1856 ሐና የተባለች ባሪያ አገባ። ሚስቱንና ልጁን ነጻ ለማውጣት የተጠየቀው ዋጋ 800 ዶላር ነበር። እንግዲህ አንድ አባት የገዛ ልጁን ከባለቤቷ ለመግዛት ሳንቲም የሚያጠራቅምበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ስሞልስ ባርነትን ለማቆየት በሚዋጋው የደቡቡ ጦር ሥር ፕላንተር በተባለች መርከብ ላይ መሪ ጨባጭ ነበር። ሜይ 13 ቀን 1862 ሌሊት ነጮቹ መኮንኖች ወደ ከተማ ወጥተው ሳለ መርከቢቱን አስነሣ። በመንገዱ ቤተሰቡንና የጓደኞቹን ቤተሰቦች ጫነ። የካፒቴኑን ባርኔጣ አጥልቆ፣ የሚያውቀውን የፉጨት ምልክት እያሰማ፣ ምሽጎቹን አንድ በአንድ አለፈ። ከተያዙ መርከቢቱን አስጥመው አብረው ለመሞት ቆርጠው ነበር። ጎህ ሲቀድ ነጭ አንሶላ ሰቅለው 16 ነፍስ ከነመድፎቹ ለሰሜኑ የባሕር ኃይል እጅ ሰጡ። ስሞልስ ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነበር።

ጀግና ተብሎ ቢወደስም ነጻነቱ ገና ሙሉ አልነበረም። ማንበብና መጻፍ የተማረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1864 በሰሜኗ ፊላዴልፊያ ከተማ በቀለሙ ምክንያት ከሕዝብ መጓጓዣ ወርዶ በእግሩ እንዲሄድ ተገደደ። ጉዳዩ ብዙዎችን አስቆጥቶ፣ ግዛቲቱ በ1867 እንዲህ ያለውን አድልዎ በሕግ እስከ መከልከል ደረሰች።

ስሞልስ በመርከቢቱ ምክንያት ባገኘው የሽልማት ገንዘብ እናቱ ያገለገለችበትን የቀድሞ ጌታውን ቤት በግብር ዕዳ ሐራጅ ገዛ። በኋላ ባለይዞታነቱ ሲከራከሩት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1878 ፈረደለት። በቢዩፎርት ሱቅ ከፈተ። ከሌሎች ጥቁር መሪዎች ጋር ሆኖ በ1870 በቻርለስተን በፈረስ የሚጎተት የባቡር ኩባንያ አቋቋመ። ጋዜጣም አሳተመ።

በ1868 የግዛቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ተወካይ ሆኖ የተከራከረለት ዋና ጉዳይ ትምህርት ነበር፤ ለሕፃናት ሁሉ የተከፈተ፣ ነጻና የግዴታ የሕዝብ ትምህርት። ከዚያም በግዛቱ ምክር ቤት፣ ቀጥሎ እስከ 1875 በሴኔቱ አገለገለ። በዋሽንግተን ኮንግረስም ለበርካታ ጊዜ ተመረጠ።

ይሁንና በ1877 የፌዴራሉ መንግሥት ወታደሮቹን ከደቡብ ሲያነሣ ሥልጣን ወደ ቀድሞዎቹ ጌቶች ተመለሰ። በዚያው ዓመት ስሞልስ በሴኔት ሳለ 5,000 ዶላር ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ ተፈረደበት። እሱ ክሱን አጥብቆ ካደ። በ1879 ምሕረት ሲደረግለት፣ በሌላ በኩል በምርጫ ወንጀል በተከሰሱ ሰዎች ላይ የነበረው የፌዴራል ክስ ተነሣ። አንባቢ የነገሩን ባሕርይ ከዚህ ልውውጥ ሊረዳ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው በ1895 መጣ። ጥቁሮች የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል በሆኑበት ግዛት ሌላ ሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ሲደረግ ጥቁር ተወካዮቹ 6 ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ስሞልስ። የአዲሱ ሕግ የምርጫ አንቀጽ ዘርን በስም አላነሣም። ለመምረጥ የሕገ መንግሥቱን ክፍል ማንበብና መጻፍ ወይም 300 ዶላር የሚገመት ንብረት መያዝ ያስፈልጋል አለ፤ የምርጫ ግብርም ጨመረ። ፈታኙ መዝጋቢው ነው፤ ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ የሚለውም እሱ ነው። ለትምህርት የታገለ ሰው ትምህርት በወገኑ ላይ መቆለፊያ ሆኖ ሲቀርብ ማየቱ ምን ያህል መራራ ይሆን! ስሞልስ በጉባኤው ተነሥቶ ተከራከረ። ድምፁ ስለ ተበለጠ አልቀናውም፤ ሰነዱን ግን አልፈርምም አለ።

ስሞልስ በቢዩፎርት ወደብ የጉምሩክ ኃላፊ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ከሠራ በኋላ በ1915 በ75 ዓመቱ እዚያው በገዛው ቤት አረፈ። ወገኖቹ ያለ እንቅፋት ድምፅ ለመስጠት እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ መጠበቅ ነበረባቸው። በ2024 ደግሞ ያቺው ደቡብ ካሮላይና በምክር ቤቷ ግቢ ሐውልቱ እንዲቆም ሕግ አወጣች።

ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው አለ። በደል ሁልጊዜ በጅራፍና በሰንሰለት አይመጣም። ሁሉንም የሚመለከት መስሎ በተጻፈ፣ አንዱን ወገን ግን ለይቶ በሚያጠቃ አንቀጽም ይመጣል። ስለሆነም ሕግ ሲረቀቅ ከቃላቱ ማማር ይልቅ ማንን ከደጅ እንደሚያስቀር፣ የመፈተኑንም ሥልጣን ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከጸደቀ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ልጆቹ እስኪያረጁ ሊጠብቅ ይችላል።